ሽጉጡ የጨዋታ፣ ማኅደሩ የቁም ነገር

እ.ኤ.አ በ2014 ብራዚል ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ አብዛኞቻችን ዓይናችንን የተከልነው በእነ ሜሲ፣ በእነ ኔይማርና በእነ ቶማስ ሙለር እግር ላይ ነበር። ዳኞቹ ወገባቸው ላይ አዲስ ነገር አንጠልጥለው መግባታቸውን ያስተዋልነው ቅጣት ምት ሲሰጥ ነው። ዳኛው 9 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ይለካሉ፤ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰደድ አድርገው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ይመዛሉ፤ ሣሩ ላይ ነጭ አረፋ ያሰምራሉ፤ ቆርቆሮዋን ወደ ቦታዋ ይመልሱና ፊሽካቸውን ይነፋሉ። አረፋው ብዙም ሳይቆይ ብን ብሎ ይጠፋል።

በዚያ ሰሞን ስለ አረፋው ያላወራ አልነበረም። በብራዚል ሜዳዎች ከ2000 ጀምሮ ሲሞከር የቆየ ነገር መሆኑ ተጻፈ፣ ፈጣሪው ብራዚላዊ ሄይኔ አሌማኝ መሆኑ ተነገረ። ቆርቆሮዋ ስለምትሰካባት ማንጠልጠያ ግን ያወራ የለም። እስቲ አስቡት! በአንድ ጨዋታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ዳኛ ወገቡ ላይ ያለው ዕቃ በየሃያ ሜትሩ ቢወድቅበት፣ ወይም በሚያስፈልግበት ሰዓት አልወጣም ብሎ ቢታገለው፣ ስታዲየሙ ሙሉ በሳቅ አይሞትም? ዕቃው የሚሠራው መያዣው ሲሠራ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው መያዣ ነው። የምናወራው ግን ስለ አረፋ ሳይሆን ስለ ቀለም ሽጉጥ ነው። ፔይንትቦል በሚባለው ስፖርት ተጫዋቾች ቀለም የተሞሉ እንክብሎችን በጋዝ ግፊት የሚያስፈነጥር መሣሪያ ይይዛሉ። የተመታ ይወጣል፤ የተጋጣሚን ባንዲራ ያመጣ ያሸንፋል። ብዙዎቹ በረዥሙ መሣሪያ ይጫወታሉ። አንዳንዶች ደግሞ ሽጉጥ ይጨምራሉ፤ ከናካቴው በሽጉጥ ብቻ የሚገቡም አሉ። "ለዚህ ሽጉጥ የትኛውን ማኅደር ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ከተሜ ወይስ ባላገር?

ጨዋታው የተወለደው ከክርክር ነው። በአሜሪካ ጸሐፊው ቻርልስ ጌይንስና በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሚሠራው ሔይስ ኖኤል ጫካ ውስጥ ቢለቀቁ ማን ይተርፋል በሚል ይከራከሩ ነበር። የገጠሩን ኑሮ የሚያውቀው ወይስ በከተማ ግፊያ የተፈተነው? ክርክሩ በቃል አልቆም ሲል መፍትሔ የሆናቸው ኔልስፖት 007 የተባለ ሽጉጥ ነው። ይህ ሽጉጥ ለጨዋታ የተሠራ አልነበረም። ኔልሰን የተባለው የቀለም ኩባንያ ለሽያጭ ያቀረበው ለደን ሠራተኞችና ለከብት አርቢዎች ነበር። የደን ሠራተኛው የሚቆረጠውን ዛፍ ከሩቅ ሆኖ በቀለም ይመታል፤ ከብት አርቢው የሚለየውን በሬ ሳይጠጋ ያመለክታል። የጋሻ መሬቱን ባሕር ዛፍ የሚቆጥርና በሬውን ከመንጋ የሚለይ የቡሬ ወይም የሰከላ ገበሬ ይህን ሽጉጥ ቢያይ ለምን እንደተሠራ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ሰኔ 20 ቀን 1973 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ጁን 27 ቀን 1981) በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሄኒከር በተባለች ከተማ አቅራቢያ ባለ ጫካ 12 ሰዎች ተሰለፉ። ከጌይንስና ከኖኤል ጋር ጨዋታውን ያዋቀረው ሦስተኛው ሰው ቦብ ገርንዚ ነበር። እያንዳንዱ ለራሱ የሚጫወት ሲሆን፣ በጫካው ውስጥ ከተተከሉት ባንዲራዎች ሳይመታ ሰብስቦ ቀድሞ የወጣ ያሸንፋል ተባለ። ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የተባለ የደን ባለሙያ ነው። ባላገሩ አሸነፈ ማለት ነው!

ልብ በሉ፤ የታሪኩ ጨው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሪቺ ዋይት በዚያ ቀን አንዲት ጥይት እንኳን አልተኮሰም። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲታኮሱ እሱ በዝምታ ከዛፍ ዛፍ እየተሻገረ ባንዲራዎቹን ለቅሞ ወጣ። የስፖርቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ሽጉጡን ይዞ ገብቶ ሳይተኩስ የወጣ ሰው ነው።

ማኅደር ስትመርጡ ይህን ታሪክ አስቀድሙ። ፊልም ያየ ሁሉ የሚጠይቀው "በስንት ሴኮንድ ይመዘዛል?" ብሎ ነው። ሽጉጡ ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ማኅደሩ ውስጥ ነው። ትሮጣላችሁ፣ ትሳባላችሁ፣ ከግንድ ጀርባ ትወድቃላችሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሽጉጡ ወገባችሁ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መገልበጥ አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ "እንዴት ይወጣል?" ሳይሆን "እንዴት ይቀመጣል?" ነው።

የፔይንትቦሉ ማኬሌሌ

እ.ኤ.አ በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ ገዝቶ ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማልያ ተቸበቸበ፣ ካሜራ ተንጫጫ። ማኬሌሌ ግን ጎል የማያገባ፣ ፀጉሩ የማይወራለት፣ ኳስ ነጥቆ ለጎረቤቱ የሚያቀብል ሰው ነበር። ማድሪድ ከዚያ በኋላ የስፔንን ሊግ ዋንጫ ዳግመኛ ለማንሳት እስከ 2007 ጠበቀ። ያልታየው ሰው ዋጋው የታወቀው ከሄደ በኋላ ነው።

ማኅደር የፔይንትቦል ማኬሌሌ ነው። ሰው ገንዘቡን ሁሉ ሽጉጡ ላይ ያፈስና ለመያዣው ሲደርስ "የተገኘው ይበቃል" ይላል። ውጤቱ ሜዳ ላይ ይታያል። ሽጉጡ ሣር ውስጥ ወድቆ የሚፈልግ ተጫዋች፣ እየሮጠ በአንድ እጁ ጎኑን ደግፎ የሚይዝ ተጫዋች፣ ለመምዘዝ ሲታገል በቀለም የሚታጠብ ተጫዋች! ከዚህ የከፋውም አለ፤ እሱን በኋላ እናነሳዋለን።

ከግሽ ዓባይ የምንማረው

ጎጃም ለፔይንትቦል እንግዳ ይሁን እንጂ ለማኅደር እንግዳ አይደለም። ቃሉ ራሱ ከቤተ ክህነት የመጣ ነው። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው። ዳዊት የሚያድርበት የቆዳ ቤት ማኅደር ይባላል፤ ማንገቻ አለው፣ ተማሪው ትከሻው ላይ ያነግተዋል፣ ሲያርፍ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሰይፍ አፎት ነበረው። ሽጉጥ በመጣ ጊዜ ሰዉ ለመያዣው አዲስ ቃል ፍለጋ አልደከመም፤ የመጽሐፉን ስም ሰጠው።

የማኅደር ሠሪው ሥራ የሚጀምረው ከልክ ነው። መጽሐፉን ያያል፣ ርዝመቱንና ውፍረቱን ይለካል፣ ቆዳውን በዚያው ልክ ይቆርጣል። የዳዊት ማኅደር ለትልቁ ድጓ አይሆንም፤ የድጓውም ለዳዊት ይሰፋል፣ መጽሐፉም እየተንገጫገጨ ጠርዙ ይበላል። ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ይታጠፋል። ማንገቻው የሚሰፋው ተማሪው ከአገር አገር ሲሄድ እንዳይበጠስ ታስቦ ነው። አንድ ማኅደር፣ አንድ መጽሐፍ።

በሰከላ ወረዳ፣ የግልገል ዓባይ ምንጭ በሚገኝበት በግሽ ዓባይ በሰፊው የሚነገር ታሪክ አለ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ውኃው መጻሕፍቱን ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። ታሪኩን ከእምነቱ አንፃር ለሚያነብ ተአምር ነው። ለኛ ወግ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ማስቀመጥ ማለት አደራ መስጠት ማለት ነው። ያስቀመጥከው ነገር ባስቀመጥክበት ቦታ፣ እንዳስቀመጥከው መገኘት አለበት። ጥሩ የሽጉጥ ማኅደርም የሚፈተነው በዚሁ ነው።

ምርጫው እንዴት ነው?

አንደኛ፣ ልክ። የቀለም ሽጉጦች አንድ ዓይነት አይደሉም። የተለመደው ትልቁ እንክብል 0.68 ኢንች፣ ማለትም 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 0.50 ኢንች የሚተኩሱ አሉ፤ 0.43 ኢንች፣ ማለትም 11 ሚሊ ሜትር ያህል የሚተኩሱም አሉ። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት የእውነተኛ ሽጉጥ ቅጂ ሆነው ነው። ለምሳሌ ዑማሬክስ የሚያወጣው ባለ 0.43 ዋልተር ፒፒኪው ለእውነተኛው ዋልተር በተሠራ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ትልቁን እንክብል የሚተኩሰው ቲፕማን ቲፒኤክስ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከአፈሙዙ ሥር 12 ግራም ጋዝ የምትይዝ ሲሊንደር ይሸከማል፤ ስለዚህ ወፍራም ነው። ለእውነተኛ ሽጉጥ የተሰፋ ማኅደር አይቀበለውም፤ ለራሱ የተሠራ ይፈልጋል። "ለሁሉም ይሆናል" ተብሎ የሚሸጥ ማኅደር ባለ 42 ቁጥር እግር ሰው ባለ 45 ቁጥር ታኬታ አድርጎ እንደሚገባ ነው፤ መግባቱን ይገባል፣ ኳሱን ሲመታ ግን ጫማው ቀድሞ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ምላጭ። ሽጉጡ ማኅደሩ ውስጥ ሲቀመጥ ምላጩና ምላጩን የሚከበው ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባቸው። ቅርንጫፍም ሆነ የልብስ ገመድ ገብቶ ሊስበው አይገባም። አንዳንድ ማኅደሮች ሽጉጡን የሚለቁት በአመልካች ጣት ሲጫኗቸው ነው፤ ጣቱ እየተጫነ ሽጉጡ ሲወጣ በቀጥታ ምላጩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በአውራ ጣት የሚከፈተው ይሻላል። አውራ ጣት ወደ ምላጭ አይሄድም።

ሦስተኛ፣ አያያዝ። ማኅደሩን ገልብጣችሁ ነቅንቁት። ባዶው ሽጉጥ ከወደቀ ያ ማኅደር አልሆነም። በጠቅታ ቁልፍ የሚዘጋ ማሰሪያ ያለው ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ለመክፈት ግማሽ ሴኮንድ ይፈጃል፣ ያን ግማሽ ሴኮንድ ግን ማንም አይሞትበትም። ተለጣፊ ማሰሪያ ርካሽ ነው፤ ጭቃና ሣር ሲገባበት ግን መያዙን ይተዋል፣ ሲከፈትም ጫካው ሁሉ ይሰማዋል። በጸጥታ ለሚያደባ ተጫዋች ይህ ራስን በፊሽካ እንደማጋለጥ ነው።

በሌላ በኩል ማኅደሩ ከልክ በላይ የሚያንቅም መሆን የለበትም። እንክብሉ ቅርፊቱ ጄላቲን ነው፤ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በእርጥበት ያብጣል፣ በብርድ ይሰበራል። በጠባብ ማኅደር ውስጥ ታምቆ ወይም በመሬት ላይ ተጋጭቶ ውስጥ ከፈረጠ አፈሙዙ በቀለም ይሞላል። ቀጥሎ የምትተኩሱት እንክብል ወዴት እንደሚሄድ እሱና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

አራተኛ፣ ቦታ። እዚህ ላይ እንደ አሰልጣኝ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አሰላለፉን የሚወስነው የምትጫወቱት ሚና ነው። ሽጉጥ ብቻ ይዞ የሚገባ ሰው ቀበቶው ላይ፣ በሚተኩስበት እጁ ወገን ቢያደርገው ይበቃዋል። ወገቡ ላይ የእንክብል መያዣዎችን የታጠቀ ወይም ረዥም ጃኬት የሚለብስ ሰው ጭኑ ላይ ማሰር ይችላል፤ ሆኖም በጣም ዝቅ ያለ የጭን ማኅደር በየእርምጃው ጉልበትን ይደበድባል፣ ስለዚህ እጅ ሲዘረጋ እጀታው መዳፍ ላይ እስከሚያርፍበት ከፍ ይበል። ደረት ላይ የሚታሰር ለሚቀመጥ ሰው ምቹ ነው፤ በሆዱ ለሚሳብ ግን ድንጋይ እንደማቀፍ ነው። ግራኝ የሆናችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት "የግራ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የቀኙን ገዝቶ ከጀርባ የሚመዝ ግራኝ አፈሙዙን በራሱ ጎንና በጓደኞቹ ላይ አዙሮ ያመጣዋል።

አምስተኛ፣ የተሠራበት ነገር። ናይለን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይረግባል፣ ባዶ ሲሆን አፉ ስለሚከደን ሽጉጡን በአንድ እጅ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ በሙቀት በሽጉጡ ቅርፅ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ ዝናብ አይበግረውም፣ አፉ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ በውኃ ታጥቦ ይጸዳል። ጉዳቱ ለአንድ ሽጉጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሽጉጡን ስትቀይሩ ማኅደሩንም ትቀይራላችሁ። ቆዳ ውብ ነው፣ ከሰውነት ጋር ይስማማል፣ ድምፅ የለውም። እንደ ግሽ ዓባይ ባለ ክረምቱ በማያባራ ደጋ ግን ሰም ወይም ቅባት ያላየ ቆዳ ሁለት ዝናብ ሲጠግብ ይለሰልሳል፤ በፀሐይ ሲደርቅ ይኮማተራል።

ቆዳ ለመረጠ ሰው አንድ ጥሩ ዜና አለ። ከውጭ ማዘዝ አያስፈልገውም፤ ሙያው አገር ውስጥ አለ። በዕፅ የለፋ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቆዳ ለብ ባለ ውኃ ይነከራል፤ ባዶው ሽጉጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጡ ይገባል፤ ቆዳው በጣት እየተጫነ የሽጉጡን ቅርፅ እንዲይዝ ይደረግና በጥላ ይደርቃል። ስፌቱ በሰም በተነከረ ክር፣ ድርብ ሆኖ ይሰፋል። ሲቆረጥ የሽጉጡ ስፋት ብቻ ሳይሆን ውፍረቱና የስፌቱ ቦታም መታሰብ አለበት። ዳዊት ለክቶ ማኅደር የሚሰፋ እጅ ይህን ለማድረግ ትምህርት ቤት አይገባም።

ስድስተኛ፣ ፈተና። ከመጫወታችሁ በፊት ሽጉጡን ባዶ አድርጉ፣ ጋዙንም አውጡ። ማኅደሩን ታጠቁና 50 ሜትር ሩጡ። ተንበርከኩ፣ በሆዳችሁ ተኙ፣ ተንከባለሉ፣ ተነሡ። ሽጉጡ ባለበት አለ? ደህና። አሁን ማስካችሁን አድርጋችሁ፣ ወደ ታች ሳታዩ መዛችሁ ሳታዩ መልሱት። ሃያ ጊዜ። በማስክ ውስጥ የጎን እይታ ይጠብባል፤ ቤት ውስጥ ቀላል የነበረው እዚህ ይከብዳል። መመለስ ካቃታችሁ ያ ማኅደር ቅጣት ምት ላይ ጥሩ ሆኖ መከላከል እንደማይችል ተጫዋች ነው።

ጉግስ የሚያውቅ አይገረምም

"ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው" የሚል አይጠፋም። ነው። ግን የጦርነትን ቅርፅ ይዞ ጦርነትን የማስቀረት ጥበብ ለኛ አዲስ አይደለም። የፈረስ ጉግስን ያየ ያውቀዋል። ከቡሬ ተነሥቶ በቲሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ ለሚጓዝ ሰው ጥር 23 የምትባለዋን ቀን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚያ ቀን ነው፤ መነሻውም ፈረስ በዓድዋ የሠራውን ውለታ መዘከር ነው።

ጉግስ ላይ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ይከተላል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ይዞራሉ፤ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። ለኳስ አፍቃሪ ይህ የመልሶ ማጥቃት ጨዋታ ነው፤ ኳስ የያዘ ሁሉ ኳስ ይነጠቃል። የሚወረወረው ስለት ያለው ጦር አይደለም፤ ዘንግ ነው። መከላከያው ግን የእውነት ጋሻ ነው። አያችሁ? ማጥቂያው የጨዋታ፣ መጠበቂያው የቁም ነገር። ሰው ለጦርነት ለምዶ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ሳይገዳደል ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሥርዓት አበጀ።

ፔይንትቦልም ሕጉ ከዚህ አይርቅም። ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ማስኩን በምንም ምክንያት አያወልቅም። የትልቁ እንክብል ፍጥነት በሴኮንድ ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ በመለኪያ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ጣሪያ የሚያስቀምጡ ሜዳዎችም ብዙ ናቸው። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ እንክብል በልብስ ላይ ቢያርፍ ሰንበር ይተዋል፤ ዓይን ላይ ቢያርፍ ዓይን ያጠፋል። ከሜዳ ሲወጣ የእያንዳንዱ መሣሪያ አፈሙዝ በሽፋን ይታሰራል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ "ማኅደር ውስጥ ስላለ ሽፋን አያስፈልገውም" ይላል። ማኅደር የአፈሙዝ ሽፋንን አይተካም። ሽጉጡ ሴፍቲው ላይ ሆኖ፣ ካዝናው ወጥቶ፣ አፈሙዙ ተሸፍኖ ነው ከሜዳ የሚወጣው።

ከሜዳ ሲወጣ

አሁን ቀደም ሲል በቀጠሮ ወዳቆየነው ጉዳይ እንምጣ። ለአዲስ አበባ ወይም ለባሕር ዳር ወጣት የቀለም ሽጉጥ መጫወቻ ነው። ሽጉጡን ጎኑ ላይ አድርጎ ከሜዳ ወደ ታክሲ ተራ ከሄደ ግን መጫወቻ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ባለ 0.43ቱ የእውነተኛው ቅጂ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሩቅ የሚያየው ፖሊስ፣ ጥበቃ ወይም መንገደኛ ውስጡ ቀለም ይሁን እርሳስ ሊያውቅ አይችልም፤ ለመጠየቅም ጊዜ ላይሰጥ ይችላል።

ይህ በምዕራብ ጎጃም ገጠር በእጥፍ ይከብዳል። እዚያ ወገብ ላይ ያለ መሣሪያ ቋንቋ አለው፤ የታጠቀ ሰው አንድ ነገር እየተናገረ ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ገብቶ ስንቱ ቤት ሐዘን ተቀምጧል። ስሟ የሰላም መንገድ በሆነው በፍኖተ ሰላም ከተማ አስፋልት ላይ የቀለም ሽጉጥ ታጥቆ መታየት ቀልድ አይሆንም። የሰፈር ልጆች ሊያስደነግጥ፣ አረጋዊት እናትን ሊያስለቅስ፣ ባለቤቱን ራሱን ደግሞ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ማኅደሩ ጥሩ ሆኖ ቅርፁ በግልጽ ከታየ፣ ያው ጥሩነቱ ጠንቅ ይሆናል።

ስለዚህ የማኅደር ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ለሜዳ ነው፤ ወገብ ወይም ጭን ላይ የሚታሰረው። ለሱ ደማቅ ቀለም ምረጡ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ። ወታደራዊ ቀለም ፎቶ ላይ ያምር ይሆናል፤ ደማቁ ግን "ይህ ጨዋታ ነው" ብሎ ከሩቅ ይናገራል፣ ሣር ውስጥ ሲወድቅም በቀላሉ ይገኛል። ሁለተኛው ለመንገድ ነው፤ የሽጉጥ ቅርፅ የሌለው፣ የሚዘጋ፣ እንደ ማንኛውም የስፖርት ቦርሳ የሚታይ ሻንጣ። ሽጉጡ፣ ካዝናውና ጋዙ ለየብቻቸው ይቀመጡበት። የጋዝ ሲሊንደሮቹን ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ሙቀት ሲጨምር በውስጣቸው ያለው ግፊትም ይጨምራል።

ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ለማስመጣት ያሰባችሁም አስቡበት። የተሞሉ የጋዝ ሲሊንደሮች በመንገደኛ ሻንጣ በአብዛኛው አይፈቀዱም። አገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። ሽጉጥ የሚመስል ነገር አየር ማረፊያ ደርሶ ከመከራከር፣ ከመላኩ በፊት ጉምሩክንና ፖሊስን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይበጃል። ዘመድ "እንኳን ደህና መጣህ" ተብሎ ሊቀበል በሄደበት ቀን ማብራሪያ ሲሰጥ መዋል የለበትም።

በጀት ለምትይዙ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ማስክ ግዙ፤ ዓይን መለዋወጫ የለውም። ቀጥሎ የምትፈልጉትን ሽጉጥ ዓይነት ወስኑ፤ ገንዘባችሁን ግን በሙሉ አትጨርሱበት። ለዚያ ሽጉጥ ልክ የሆነ፣ ምላጩን የሚሸፍን፣ ሲገለበጥ የማይለቅ፣ በአንድ እጅ የሚመለስ ማኅደር ከነመንገድ ሻንጣው የሚገዛበትን ድርሻ አስቀሩ። ያ ገንዘብ ካልተረፈ ሽጉጡን ለሌላ ወር አሳድሩት። እስከዚያው ሜዳው የሚያከራየውን ይዛችሁ መጫወት ትችላላችሁ፤ ሪቺ ዋይት ያሸነፈውም በማኅደሩ ፍጥነት ወይም በሽጉጡ ውድነት አልነበረም።